ሚጢጢ አለች?

ጠዋት ጠዋት ስም የምጠራው ሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ ልጆቹን እጠራለሁ። አንዳንዱ ጣራው እስኪነቃነቅ «አለሁ!» ይላል፤ አንዳንዷ ደግሞ ለራሷም በማይሰማት ድምፅ ታንሾካሹካለች። ሁለተኛው ዙር መስኮቱ ሥር ለተደረደሩት ነዋሪዎች ነው። እነሱ አፍ አውጥተው ስለማይመልሱ የዕለቱ ተረኛ ሄዶ፣ በማጉያ መነጽር አይቶ፣ ይመልስላቸዋል።

«የምድር ትሎች!»

«አሉ!»

«አባጨጓሬ!»

«አለ! ቅጠሉን ጨርሶታል!»

እርጥብ ጥጥ ላይ የተኛው ባቄላም ይጠራል። ዳይሬክተሯ አንድ ቀን በር ላይ ቆማ ስትሰማን ቆየችና ባቄላ ስሙ ሲጠራ በሕይወቷ ሰምታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ውኃ ይጠጣል፣ ያድጋል፣ ወደ ብርሃን ይዞራል፤ ስብሰባ ላይ ከምናደርገው ይበልጣል አልኳት። አልሳቀችም። እኔም ቀልዴን አልነበረም።

ከሁሉም መጨረሻ ሚጢጢ ትጠራ ነበር። ሚጢጢ ቀንድ አውጣ ነበረች፤ አውራ ጣት የምታህል፣ ጀርባዋ ላይ ነጭ መስመር የተጠመጠመባት። ቤቷ ድሮ ዓሣ የነበረበት፣ አንድ ጥጉ የተሰነጠቀ የመስታወት ሳጥን ነው። ከሥር ጠጠር፣ ከጠጠሩ በላይ የከሰል ስብርባሪ፣ ከዚያ አፈር፣ ከላይ ደረቅ ቅጠል አለበት። የሠሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። እኔ የምነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ የምትኖረው እሷ ናት እንጂ እናንተ አይደላችሁም፣ እናንተን ደስ የሚላችሁን ሳይሆን ለእሷ የሚበጃትን አድርጉ እላቸዋለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ብስኩት የሌለው ለዚህ ነው። የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ግን አለ፤ ጀርባዋ ላይ የተሸከመችውን ቤት የምታጠነክረው በእሱ ነው።

«ቀንድ አውጣ» የሚለው ስም ለልጆቹ ትእዛዝ ይመስላቸው ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ክፍሉ በሙሉ መስታወቱን ከቦ «ቀንድ አውጣ! ቀንድ አውጣ!» እያለ ሲጮህባት ምስኪኗ ጭራሽ ተሸጎጠች። ሁሉንም ዝም ያሰኘቻቸው ድምቡሼ ናት። ድምቡሼ ጉንጯ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ሕግ ከሰማች በልቧ ይዛ የማትለቅ የአምስት ዓመት ልጅ ናት። ሚጢጢ ሴት ስለሆነች «ቀንድ አውጪ» ነው የሚባለው፣ ደግሞም በቀስታ ነው አለች። በቀስታ «ቀንድ አውጪ» አሏት። አወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምቡሼን በሰዋስው የሚከራከራት የለም።

ሚጢጢ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። የራሴ ስም ነበር። ስወለድ ትንሽዬ ስለነበርኩ ታላቅ እህቴ ያወጣችልኝ ነው፤ ከእሷና ከእናቴ በቀር በዚያ ስም የጠራኝ የለም። እናቴ ሞተች። ከእህቴ ጋር ከተኮራረፍን ዓመታት አለፉ። ትምህርት ቤት «ቲቸር» ነኝ፤ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ደግሞ «የጥግ ክፍሏ ሴትዮ»። ልጆቹ ለቀንድ አውጣዋ ስም እናውጣ ብለው ሊደባደቡ ሲደርሱ «ሚጢጢ ትባል» አልኩ። ለምን ያን ስም እንደመረጥኩ ማንም አልጠየቀኝም። በቀን አንድ ጊዜ ስሙ ሲጠራ፣ ከዚያም አንድ ሰው «አለች!» ሲል መስማት ፈልጌ ነው። ከንፈር እንዳትመጥጡልኝ፤ ሰው ብቻውን ሲሆን ከዚህ የባሰም ያደርጋል።

ዓርብ ከሰዓት «ቻው ቲቸር» ብለውኝ ከወጡ በኋላ ሰኞ እስኪመለሱ ድምፄን የማወጣው ለዳቦ ሻጩ ነው። «አንድ» እለዋለሁ፤ አንድ ይሰጠኛል። ቤቴ ሬዲዮ አለ፤ ከእኔ የበለጠ ይናገራል። ስልክም አለኝ፤ ባትሪው አርጅቶ ከአንድ ጥሪ በላይ አይችልም። ከአንድ ጥሪ በላይ መጥቶልኝም ስለማያውቅ አላስቀየርኩትም። ማታ ማታ አጠፋዋለሁ። በርቶ አጠገቤ ዝም ሲል ሆድ ይብሰኛል፤ ጠፍቶ ዝም ቢል ግን ምን ይደረጋል፣ ጠፍቷል።

ክፍሌ ውስጥ የማላላላው አንድ ሕግ አለ። ልጅ ከትምህርት ቤት ከቀረ «የለም» ይባላል። ነገር ከሞተ ግን «ሞተ» ይባላል። «የለም» አይባልም፣ «ሄደ» አይባልም፣ «ተኛ» አይባልም። ለሕፃን ይከብዳል እያሉ መጥተው የተቆጡኝ ወላጆች አሉ። ሕፃን አይከብደውም። ከአባጨጓሬዎቹ አንዱ የሞተ ጊዜ አይተው፣ ነክተው፣ ሞተ ብለው፣ ቀብረው፣ እጃቸውን ታጥበው ምሳቸውን በልተዋል። የሚከብደው ለትልቅ ሰው ነው። ይህን ያወቅኩት በራሴ ደርሶ ነው።

እናቴ የሞተች ቀን እህቴ የደወለችልኝ እዚሁ ክፍል ሳለሁ ነው። አንዱ ባልዲ ገልብጦ፣ ሌላው ውኃው ላይ ተንሸራቶ፣ ክፍሉ በጩኸት ተናውጧል። «እማዬ የለችም» አለችኝ። ሁልጊዜ ስደውል የምሰማው ነው፤ ጎረቤት ሄዳ፣ ገበያ ወጥታ፣ የለችም እባላለሁ። «እሺ፣ ስትመለስ ደውዪልኝ» ብዬ ዘጋሁት። እህቴ አልደወለችም። እውነቱን የነገረኝ አጎቴ ነው፣ ያውም ከቀብሩ በኋላ። ደሜ ፈላ። ሞተች ማለት ምን ያቅታል? ሦስት ፊደል ነው። ሆኖም ሄድኩ፤ ፊቷን አዞረችብኝ። የተበደልኩት እኔ ስለመሰለኝ የእሷ ኩርፊያ ከየት እንደመጣ ሊገባኝ አልቻለም። ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ እሷም አልደወለች፣ እኔም አልደወልኩ።

ሚጢጢ የሞተችው ሰኞ ጠዋት ነው። ቀንድ አውጣ አፈሩ ሲደርቅባት የቅርፊቷን በር በስስ ሽፋን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ስለምትተኛ ቶሎ ሞተች አይባልም። ለብ ያለ ውኃ ረጨንባት። ድምቡሼ አጎንብሳ በቀስታ «ቀንድ አውጪ» አለቻት። አላወጣችም፤ ሽታዋም ነገሩን ተናገረ። ስም ስጠራ እንደልማዴ «ሚጢጢ!» አልኩ። ድምቡሼ ቀጥ ብላ ቆመችና «ሞታለች» አለች። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የራሴን ስም ጠርቼ ያንን መልስ ስሰማ ግን የስም ዝርዝሩን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ዘበኛው ጓሮ ቧንቧው አጠገብ በአካፋ ጫፍ ጉድጓድ ማሰልን። ልጆቹ ቀበሯት፣ በጠጠር ከበቧት፣ ሥዕልም ሥለው በእንጨት አቆሙላት። ሥዕሉ ላይ ፀሐይና ቀሚስ የለበሰች ሴት አሉ፤ ከሥር በተንጋደደ ፊደል «ሚጢጢ» ይላል። ቀንድ አውጣዋ የታለች ብዬ ስጠይቅ፣ ሴትዮዋ ያዘንሽው አንቺ ነሽ፣ ቀንድ አውጣዋማ ከአፈሩ ሥር ናት አሉኝ።

በማግስቱ ልጆቹን ቧንቧ ወስጄ እጅ ሳስታጥብ ስልኬን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበር። ተረኛዋ ድምቡሼ ለምድር ትሎቹ ውኃ ልትረጭ ቀርታለች። ስመለስ አንዲት ሴትዮ ደውላ ሚጢጢ አለች ወይ ብላ እንደጠየቀቻት ነገረችኝ።

«ምን አልሻት?»

«ሞታለች፣ ትናንት ቀበርናት አልኳት።»

«እሷስ?»

«ዝም አለች። ከዚያ ዘጋችው።»

ቁጥሩን አላውቀውም። ልጆቹ ቤታቸው ስለሚያወሩ እናቶች ስለ ሚጢጢ መጠየቃቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ አንዷ ሆደ ቡቡ ትሆናለች ብዬ ተውኩት። ስልኩም ያችኑ ጥሪ ችሎ ጠፋ። ማታ ቻርጅ ላይ ሰካሁት፤ አልከፈትኩትም።

በነጋታው ለሳጥኑ አዲስ ጠጠር እያጠብን ሳለ ከጓሮ የሰው ለቅሶ ሰማን። የልጅ ለቅሶ አይደለም። ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተንጠላጠሉ።

«ቲቸር» አለች ድምቡሼ፣ «ለሚጢጢ የሚያለቅስ ሰው መጥቷል።»

እኔም አየሁ። ጥቁር በጥቁር የለበሰች ሴት ባልዲ ገልብጣ፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ያቺ የጠጠር ክብ ፊት ተቀምጣለች። ዘበኛው አጠገቧ ቆሞ ቆቡን አውልቆ የሚያደርገው ጠፍቶታል። ጀርባዋን አወቅኩት። ልጅ ሆኜ ጭቃውን እየሸሸ ከፊቴ እየሄደ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ የነበረ ጀርባ ነው። የመስኮቱን ጠርዝ ያዝኩ።

ዘበኛው በኋላ እንደነገረኝ፣ በር ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ሚጢጢን የት ነው የቀበራችኋት ብላ ጠየቀችው። እሱ የሚያውቃት ሚጢጢ አንዲት ናት፤ እዚሁ ጓሮ ናት፣ የቀበሯትም ልጆቹ ናቸው ብሎ መርቶ ወሰዳት። እህቴ ጉድጓዱ አንሶ ታይቷታል፤ ነገር ግን ስሜንና ቀሚስ የለበሰችውን ሴት ስታይ ተማሪዎቼ ለመታሰቢያ ያቆሙልኝ መሰላት። ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ ሳትተኛ ያደረች ሰው ናት። እኔ በማላውቀው በአዲሱ ቁጥሯ ስልኬ ላይ ደጋግማ ደውላ ዝግ ሲሆንባት የቀራት ተስፋም ተሟጦ ነው የመጣችው።

ልጆቹ ከኋላዬ ተግተልትለው ወጣን። ኮቴያችንን ሰምታ ዞረች። አርጅታለች። እኔም አርጅቼ እንደታየኋት ከዓይኗ ገባኝ።

«አለሽ?» አለችኝ።

«አለሁ» አልኳት።

ተነሥታ መጥታ በቦርሳዋ ትከሻዬን መታችኝ። ደግማ ልትመታኝ ያነሳችው እጅ አንገቴ ላይ ቀረ፤ «ሚጢጢ፣ ሚጢጢ» እያለች ተንሰቀሰቀች። ድምቡሼ የእህቴን ጥቁር ቀሚስ ጫፍ ያዝ አድርጋ እኛም አልቅሰን ነበር፣ ሌላ ቀንድ አውጣ ይመጣል አለቻት። ከዚያ ቀና ብላ እኔን እያየች አንቺም ሚጢጢ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ትልቅ ሰው ሚጢጢ ሲባል ሰምተው ስለማያውቁ ከኋላ ያሉት ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፣ ሕግ ስትሰማ እንደምታደርገው ራሷን ነቀነቀች።

ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ ክፍል ውስጥ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ጉልበታችን ደረታችን ደርሶ ተቀመጥን። ቀንድ አውጣዋን፣ ስሙን፣ ስልኩን፣ ሁሉን ነገርኳት። ስሜን ለምን እንደሰጠኋትም ነገርኳት። ሳትስቅ ሰማችኝ፤ ከዚያ የሷን አመጣች።

«ስትመለስ ደውዪልኝ አልሽኝ።»

«የለችም ስላልሽኝ ነዋ፣ እትዬ። ገበያ የወጣች መሰለኝ።»

«ፊቴ ተጋድማ ነው የደወልኩልሽ።»

«ሞተች አትዪኝም ነበር?»

«ከአፌ ከወጣ እውነት የሚሆን መሰለኝ» አለች።

ይህን ሁሉ ዓመት እኔ የነገረኝ ሰው የለም ስል፣ እሷ ደግሞ በእናታችን ሬሳ ላይ ያላገጥኩ መስሏት ኖራለች። ለአጎታችንም፣ ለማንም አልተናገረችውም፤ ለመናገር የሚያሳፍር ነገር ነው አለች። አንዳችን ሌላዋን አንዲት ጥያቄ ብንጠይቅ ያልቅ ነበር። አልጠየቅንም። እህቴ የሚጢጢን ባዶ ሳጥን ስንጥቅ በጣቷ ዳሰሰች፤ ከውጭ የልጆቹ ጩኸት ይሰማል።

ለመሆኑ ምን ሆነሽ ደወልሽ አልኳት በመጨረሻ። ምንም አልሆንኩም አለች። ባለቤቷ ታሞ አልጋ ይዟል፤ ልጆቿ በየፊናቸው ሄደዋል፤ አንድ ጠዋት ቤቱ ጭር ሲልባት፣ እኔም አንድ ቦታ እንዲሁ ጭር ብሎብኝ ይሆናል ብላ አሰበች።

«አለሽ ወይ ልል ነው የደወልኩት» አለች። «ሌላ ነገር የለውም።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን እኔ እንዲህ ነኝ፣ ደስ ሊለኝ ሲል ምላሴ ይቀድመኛል። ለሞተችው ሌሊቱን ተጉዘሽ መጣሽ፣ በሕይወት ላለችው ግን መንገዱ ራቀሽ አልኳት። አልተቆጣችም። አንቺስ አለችኝ። እኔም ፊቷን ካዞረችብኝ ቀን ወዲህ ለሷ የተጓዝኩት መንገድ የለም። እጄን ይዛ ጥፍሬ ሥር የገባውን አፈር በጥፍሯ ታወጣልኝ ጀመር፣ ልጅ ሆኜ ታደርገው እንደነበረው።

የመመለሻ አውቶቡሷ ከሰዓት ነበር። ባለቤቷን ለጎረቤት አደራ ብላ ስለመጣች ማደር አልቻለችም። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። በመንገድ ብዙ አላወራንም፤ የዓመታት ወሬ ከየት ይጀመራል? ቦርሳዋን ተቀብዬ አሳፈርኳት። አንድ እግሯን ደረጃው ላይ ስታደርግ ሰው ሁሉ ለተሳፋሪ የሚለውን አልኳት።

«ስትደርሺ ደውዪልኝ።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ጆሮዬ ሰማው። እሷም ሰማችው፤ እግሯ ደረጃው ላይ እንዳለ ቆመች። ከኋላ ያለው ሰው ግቢ እንጂ ብሎ አጉረመረመ። ዞራ አየችኝ።

«እደውላለሁ» አለች። «ባትሪውን ግን አስቀይሪ።»

ቤቴ ስገባ ሬዲዮውን አልከፈትኩም። ስልኩን ከፍቼ፣ ከቻርጁ ሳልነቅል፣ ትራሴ አጠገብ አስቀመጥኩት። ዝም አለ። መንገዱ ሩቅ እንደሆነ፣ ስትደርስም እንደሚመሽ አውቃለሁ። ቢሆንም ሆድ ባሰኝ። ሰው መጥቶ የሄደበት ክፍል ማንም መጥቶ ከማያውቅበት ይልቅ ባዶ ነው፤ እህቴ ደግሞ ክፍሌን እንኳ አላየችውም። ስልኩን እያየሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ዘበኛው ከአጥሩ ሥር ያገኘውን አዲስ ቀንድ አውጣ በቅጠል ጠቅልሎ አመጣልን። ልጆቹ ቤቱን ለማዘጋጀት እጅጌያቸውን ጠቅልለው ተነሡ፤ ጠጠሩ ታጠበ፣ ከሰሉ ተደቆሰ፣ እኔም እጄን እስከ ክርኔ አፈር ውስጥ ነክሬ ማቡካት ጀመርኩ። አንዱ ልጅ አዲሱም ሚጢጢ ይባል አለ። አይሆንም፣ ያ ስም ባለቤት አለው አልኩት። ታዲያ ማን ይባል ተብሎ ጭቅጭቁ ሲጋጋል ስልኩ ጮኸ።

እጄን ከጭቃው አውጥቼ የምጠርግበት ሳጣ ድምቡሼ ቀድማኝ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች። በሁለት እጇ አንሥታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ሰማች። ቆይ አለች። መጀመሪያ ሳጥኑን አየች፤ አዲሱ ቀንድ አውጣ ገና ስም አልወጣለትም። ከዚያ ዞራ እኔን ከላይ እስከ ታች፣ በማጉያ መነጽር እንደምታይ ሁሉ፣ ስትመረምረኝ ቆየች።

«አለች» አለች በስልኩ። «እጇ ግን ጭቃ ነው።»